ገና ያልቀዘቀዘ አልጋ

ጃኬቱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋው።

ልብስ ማጠቢያ ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል። ከመጋረጃው ወዲያ ካውያ ይተነፍሳል። የቤቱ ባለቤት፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የሰበሰበች ደልደል ያለች ሴት፣ ኮሌታውን በሁለት ጣቷ ዳበስ አደረገች። ከሚሠራበት ኩባንያ የቀዳውን የያዘው ፍላሽ እዚያ ውስጥ ተሰፍቷል። እሷ «እስከ ማታ ይደርስልሃል» ትላለች፤ እሱ ትቶት ይወጣል፤ ዕቃው በእሷ እጅ አልፎ ለጋሼ ይደርሳል። ስምምነቱ ይኸው ነበር።

ኮሌታውን ለቀቀችው።

«ቆዳ አናጥብም፣ ወንድሜ።»

ጃኬቱ ቆዳ አልነበረም።

ተይዘሃል ማለቷ ነው።

ምስማር ዞር ብሎ አላየም። ዞር የሚል ሰው የሚፈራው ነገር ያለው ሰው ነው። ምስማር የስለላ ስሙ ነው፤ ቢመቱት ወደ ውስጥ የሚገባ እንጂ የማይጮህ ስለሆነ ያወጡለት። ከባንኮኒው ጀርባ የተሰቀለውን መስታወት አየ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከሲጋራ መሸጫው ጎን፣ ሁለት ጎልማሶች ቆመዋል። አንደኛው ጋዜጣ ዘርግቷል። ዓይኑ ግን ጋዜጣው ላይ አልነበረም።

«ታዲያ ቆዳ የሚያጥብ ቤት የት አገኛለሁ?»

«በጓሮ ውጣና ጠይቅ።»

ጃኬቱን አንስቶ መጋረጃውን ገለጠ። ውሃ በሚያንጠባጥቡ አንሶላዎች መሐል አለፈ። የፊት ለፊቱ በር ሲከፈት፣ ጫማዎች ሲገቡ ሰማ። ሴትዮዋ በሰለቸ ድምፅ «ደረሰኝ ይዛችኋል?» ስትላቸውም ሰማ።

ከዚያ በኋላ ሮጠ።

ሲሮጥ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስለዚያ ቤት ከእሱ ሌላ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሴትዮዋና አለቃው ጋሼ። ታናሽ ወንድሙ በዚያው ኩባንያ ተሸሽጎ ሲሠራ ማንነቱን ያውቁ የነበሩትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ወንድሙን ከኩባንያው የጓሮ ደረጃ ላይ ወርውረው ገደሉትና «ተንሸራቶ ነው» አሉ። ሬሳው ሲመጣ ግን የሁለቱም እጆቹ ጣቶች ተሰባብረው ነበር። ከደረጃ የተንሸራተተ ሰው ጣቶቹ አንድ በአንድ አይሰበሩም።

ምስማር በሌላ ስምና በሌላ ወረቀት ገብቶ በወንድሙ ወንበር ላይ የተቀመጠው ለአገር ብሎ አይደለም። ለሹመትም አይደለም። ወንድሜን የሸጠው ማነው? ለዚህ ነው የገባው። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

*

ጋሼ የሆስፒታል መጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ፣ ከሚያስሉ ሰዎች መሐል፣ ግራጫ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀው። ሁሉም ጋሼ ነው የሚለው፤ ሌላ ስም እንዳለው የሚያውቅ የለም። ሽማግሌ ነው፤ ጥፍሩ የተከረከመ፣ ጫማው የተወለወለ፣ የሰው ስሕተት ሲያገኝ ፊቱ የሚፈካ ሽማግሌ። ድሮ ምስማር የጻፈውን ሪፖርት በሰው ፊት ጮክ ብሎ አንብቦ በቀይ እስክሪብቶ አርሞበታል። «ሐሙስ ብለህ በሐመሩ ሐ ትጽፋለህ? ሐሙስ እኮ ከአምስት ነው የመጣው፤ በግዕዝ ኀምስ ነው፤ በብዙኃኑ ኀ ነው የሚጻፈው። ለመሆኑ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠሃል?» ሰዎቹ ሳቁ። ምስማር ትምህርቱን ያቋረጠው ታናሹን ለማስተማር ነበር። ይህን ደግሞ በሳቅ መሐል ለማን ይናገሩታል? ዋጥ አደረገው። የዋጠው ነገር ግን አልተፈጨለትም።

የሆነውን ሁሉ በሹክሹክታ ነገረው። ጋሼ ረጋ ብሎ ሰማው። ሲጨርስ ባርኔጣውን ገለባብጦ አየና ሴትዮዋ ናት አለ። ሁለቱን ሰዎች የጠራቻቸው እሷው ናት፤ ያስመለጠችው ደግሞ ለእሱ ታማኝ ለመምሰል ነው።

«ወንድምህንም የሸጠችው እሷ ናት፣ ልጄ። ሐዘንህን ላለመቀስቀስ ብዬ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩህ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እኔ በማላውቀው ነገር ሰው አላማም። እንደፈለግህ አድርጋት፤ እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም።»

ምስማር እጆቹን አየ። ያቺ ወፍራም ሴት። ያ የሰለቸ ድምፅ። ቢሆንስ? እንግዲያው ከአሁን በኋላ ሰው አላምንም፣ ፍላሹን ከእርስዎ እጅ በቀር የትም አላስቀምጥም አለው። ጋሼ እንደማቅማማት አለና ተስማማ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው በላይ ባለው የእግረኛ ድልድይ ላይ እንዲገናኙ ተቀጣጠሩ።

ያን ሌሊት ምስማር ሴትዮዋን በሐሳቡ ደጋግሞ ገደላት። በካውያው ገደላት። በአንሶላው ገደላት። ሲነጋ ግን አንድ ነገር ከነከነው። በጓሮ እንዲወጣ ለምን ነገረችው?

*

ኩባንያው የሚሠራው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የመንግሥት ቢሮ ማሽኖች ነፍስ የሚዘሩበትን ነገር። የነፍሱ ነፍስ ደግሞ ከርነል ይባላል። ምስማር ስክሪንና ኪቦርድ ከከርነሉ ጋር የሚነጋገሩበትን ድራይቨር ይጽፋል። በዚህ ምክንያት ቢሮው በሙሉ «ሾፌር» ይለዋል። እናቱም ከዚሁ ወሬ ጫፉን ይዛ ልጄ ሾፌር ሆነ ብላ ለጎረቤት ታወራለች፤ በደወለ ቁጥር «ቀስ ብለህ ንዳ፣ ከመኪናው ነፍስህ ትበልጣለች» ትለዋለች። እሺ እማዬ ይላታል።

የተላከው የከርነሉን አንድ ክፍል ቀድቶ እንዲያወጣ ነው፤ የማሽኑን የማስታወሻ ቦታ ለፕሮግራሞች የሚያድለውን ክፍል። ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ሲያስፈልገው ምስማር የአልጋ ቤት ምሳሌ ይሰጣል። ፕሮግራም ሁሉ እንግዳ ነው። ሲመጣ ማረፊያ ይጠይቃል፤ ከርነሉ ደግሞ የአልጋ ቤቱ ተቆጣጣሪ ነውና በልኩ አልጋ ይሰጠዋል። እንግዳው ሲለቅ አልጋው ይመለሳል።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የዚህ ቤት ተቆጣጣሪ አንሶላ አይቀይርም። የከርነሉ ክፍል ኃላፊ፣ ሊቁ የሚሉት ሰውዬ፣ «ማጠብ ፍጥነት ይበላል» ብሎ አስቀርቶታል። ደግሞም አዲስ እንግዳ ሲመጣ በቅድሚያ የሚሰጠው መጨረሻ የተለቀቀው አልጋ ነው፤ ገና ያልቀዘቀዘው። ሙቁ አልጋ ለማሽኑም ይፈጥንለታል። ስለዚህ ተደብቆ የጠበቀ፣ እንግዳው እንደወጣም በዚያው ልክ አልጋ የጠየቀ ሰው የሌላውን ላብ ያገኛል። የረሳውንም ሁሉ ያገኛል። የሚያጣው ትራስጌውን ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው አልጋ በተመለሰ ቁጥር የሚቀጥለውን ባዶ አልጋ ቁጥር የሚጽፈው እዚያው ትራሱ ላይ ነውና፣ በጽሑፍ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ፊደላት ይበላሉ።

በኩባንያው ሕግ ከጥበቃ ኃላፊው ጀምሮ ሁሉም የሚሠራው በአንድ ትልቅ ማሽን ላይ ነው። ሊቁ ያወጣው ሕግ ነው፤ የራሳችንን ሥራ ራሳችን ካልተጠቀምንበት ማን ይጠቀምበታል እያለ። የጥበቃ ኃላፊው ሻምበሉ ይባላል። ውትድርና የት እንዳገለገለ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቁት የጓሮውን ደረጃ ቁልፍ እሱ እንደሚይዝ ነው። የሚስጥር መልእክቶቹ በሽቦ ላይም በዲስክ ላይም ተቆልፈው ነው የሚኖሩት። የሚፈቱት ከርነሉ ውስጥ ብቻ ነው። መልእክት ሲደርስ ከርነሉ ይፈታዋል፣ ጤነኛ መሆኑን ያያል፣ ከዚያ አልጋውን ይለቃል። የአልጋውን ቁልፍ ግን ኪሱ ውስጥ ይረሳዋል። ሻምበሉ መልእክቱን ሲከፍት ማሽኑ በዚያ በተረሳ ቁልፍ ገብቶ ያገኘውን ያነብለታል። የዚያ ልክ አልጋ ፈላጊው ጥቂት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ እንዳለ ነው የሚገኘው፤ ትራስጌው ብቻ ተበልቶ።

ሻምበሉ ፊደል ይበላብኛል ብሎ ሲያማርር ሊቁ ለማጣራት እንኳ አልተነሣም። ሾፌሩ የጻፈው የስክሪን ድራይቨር ነው ብሎ በስብሰባ መሐል ተናገረ፤ ከመንገድ የተለቀመ ሰው ሥራ ይኸው ነው ብሎ ጨመረበት። ምስማር ሲፈትሽ የስሕተቱን ምንጭ ሊቁ በገዛ እጁ ከጻፈው ውስጥ አገኘው።

ስድቡን ተቀበለ። ስሕተቱን ለራሱ አስቀረው።

*

ረቡዕ፣ የምሳ ሰዓት። ሻምበሉ ከመስታወት ቢሮው ወጥቶ ወደ ምሳ ሄደ። አዳራሹ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ምስማር ዳቦውን እየገመጠ ስክሪኑን ያያል።

መልእክት ገባ።

ከርነሉ ፈታው። አየው። አልጋውን ለቀቀ።

የምስማር ድራይቨር በዚያው ልክ አልጋ ጠየቀ። ሙቁ ተሰጠው።

የላኪው ስም የነበረበት ትራስጌ ተበልቷል። ቀሪው ጽሑፍ ግን ደህና ነበር።

«…ልብስ ማጠቢያው በጥድፊያችሁ ተበላሸ። ኀሙስ ከሰዓት በኋላ ከመናኸሪያው በላይ ድልድዩ ላይ ሁለት ሰዎች ይገናኛሉ። ሽማግሌው ዕቃ ተቀብሎ ይወርዳል፤ እርሱን አትንኩ። ላይ የሚቀረውን ውሰዱ። እንዳለፈው ልጅ ከደረጃ አትጣሉት፤ ዐይን ይበዛል።»

አንዴ አነበበው።

እንደገና አነበበው።

ኀሙስ።

በብዙኃኑ።

ጉንጩ ውስጥ ያለው ዳቦ ጭቃ ሆነበት። ይህን ቀን በዚህ ፊደል የሚጽፍ፣ ዐይንንም እንዲህ የሚጽፍ፣ በሰው ላይ ቢላ ሲያሾል እንኳ ፊደል የማይሳሳት አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ማሽኑ ስሙን በልቶ ደብቆለታል። ሽማግሌው ግን ፊደሉን ማበላሸት አልቻለም፤ ሰው መሸጥ ችሎ ፊደል መሳሳት አቃተው። ዕቃውን ተቀብሎ ለላካቸው የስለላ አገልግሎት ሊያስረክብና ሊመሰገን ነው። ዕቃ አምጪውን ደግሞ ለሻምበሉ ሊሸጥ ነው። በሁለት ወገን ሊበላ ነው። ወንድሙንም እንዲሁ ነው የበላው።

እንዳለፈው ልጅ።

ልጅ ይለዋል። ሬሳው የመጣ ቀን ከእናቱ ጎን ተቀምጦ እጇን ይዞ ነበር እኮ!

ምስማር አፉን ጠረገ። አልጋው በእጁ ነው። ሻምበሉ በተረሳው ቁልፍ ሲገባ የሚያገኘው እሱ የጻፈውን ነው። መጻፍ ጀመረ።

የጋሼን መጀመሪያ እንዳለ ተወው። ከመሐል ጀምሮ ገለበጠው። ላይ የሚቀረው የእኔ ሰው ነው፤ እርሱን አትንኩ። ሽማግሌውን ውሰዱ፤ የመረቡ ራስ እርሱ ነው። ወዳጃችሁ እኔ ነኝ ብሎ ይምላል፤ አትስሙት። ከደረጃው ሥር ጠብቁት።

ሥር ላይ ጣቱ ቆመ። እሳቱ ሰ ነው ንጉሡ ሠ? አንዲት ፊደል ብትሳሳት ሻምበሉ ላያውቅ ይችላል። ካወቀ ግን የምስማርም ጣቶች ተራ ነው። እሳቱን ጻፈ። አጠፋው። ያ ቀይ እስክሪብቶ፣ ያ ሳቅ ትዝ አለው። ንጉሡን ጻፈ። የፊደሉን ልዩነት የተማረው ከሽማግሌው ነውና አሁንም በሽማግሌው ትምህርት ጻፈ። መጨረሻው ላይ ከጋሼ ጽሑፍ አንድ ቃል ብቻ ለውጦ ጨመረ።

እንዳለፈው ልጅ ከደረጃ ጣሉት።

አሁን አልጋውን መልቀቅ አለበት። ካልለቀቀ ትራስጌው አይበላም፤ ትራስጌው ካልተበላ ደግሞ ለሻምበሉ ያልተለመደ ነገር ይሆንበታል። ለቀቀው። ከዚህች ቅጽበት ጀምሮ አልጋው የማንም ነው። በዚያ ልክ የሚጠይቅ ፕሮግራም ቢመጣ በቅድሚያ የሚሰጠው ይኸው ነው፤ የሚፋቀውም ይኸው ነው።

«ሾፌር፣ ሥራህን ዝጋ። ማሽኑን ላስጨንቀው ነው።»

ሊቁ ነበር። የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ከጀርባው ቆሟል። አዲስ የፍተሻ ፕሮግራም ሊያስነሣ ነው፤ በየልኩ አልጋ እየጠየቀ ቤቱን የሚያጥለቀልቅ።

ያ ፕሮግራም ከተነሣ ሁሉም ነገር ይጠፋል።

ሻምበሉ ገና ምሳ ላይ ነው።

ምስማር ተነሣ። ምን ብሎ ያቁመው? ማሽኑን አትንካ ቢለው ለምን ይላል። ሊቁ ለማንም ብሎ ቆሞ አያውቅም። ከአንድ ነገር በቀር። ምስማር አንገቱን ደፋ።

«አለቃ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር። የሻምበሉን ፊደል የሚበላው እንዳሉት የእኔ ድራይቨር ነው። ደጋግሜ አየሁት፤ አልገባኝም። እርስዎ ቢያስረዱኝ።»

ሊቁ በዕድሜ ከምስማር ያንሳል፤ አንቱ ሲባል ግን ደስ ይለዋል። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወንበር ሳበ።

«አየህ፣ ችግሩ መሠረት ነው። መሠረት የሌለው ሰው ከላይ ከላይ ነው የሚለጥፈው።»

«ልክ ነዎት።»

«ቁጭ በል፤ ከሀ እንጀምር።»

ከሀ ጀመረ። ማስታወሻ ምንድን ነው፣ አድራሻ ምንድን ነው፣ አልጋ እንዴት ይሰጣል፣ እንዴት ይመለሳል እያለ፣ የገዛ ስሕተቱን ዙሪያውን እየዞረ ሳይረግጠው አስተማረ። ምስማር ራሱን ነቀነቀ። ይገርማል አለ። እኔ እኮ እንዲህ አልመሰለኝም ነበር አለ። ሲንቁት ዘመኑን በሙሉ ተቃጥሏል። ዛሬ ግን ንቀቱ እንዳያልቅበት እንደ እሳት እፍ እፍ አለበት፤ ሊቁ ዝም ሊል ሲል ሌላ የሞኝ ጥያቄ ወረወረለት። የሊቁ ሻይ ቀዘቀዘ።

የመስታወቱ በር ተከፈተ።

ሻምበሉ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ገባ። ተቀመጠ። ስክሪኑን አበራ።

አነበበ።

ስንጥሩ አፉ ውስጥ ቆመ።

ቀና አለና በመስታወቱ ውስጥ አዳራሹን ቃኘ። ዓይኑ በየጠረጴዛው ላይ ሄደ። ሊቁ ላይ አረፈ። ምስማር ላይ አረፈ።

እዚያው ቆየ።

ተነሣ። በሩን ከፈተ። ቀጥ ብሎ ወደ እነሱ መጣ።

«ሾፌር፣» አለ ሻምበሉ፣ «ዛሬም ፊደል ተበልቷል።»

«ይቅርታ ጌታዬ። አለቃ እያስተማሩኝ ነው።»

«ይማር፣ ይማር» አለ ሊቁ። ሻምበሉ ሰዎቹን ሊጠራ ወጥቶ ሄደ። ሊቁም ብርጭቆውን አንስቶ ፍተሻውን ሊያስነሣ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። አሁን ቢያስነሣ ምን ገዶት።

*

ሐሙስ ጠዋት ምስማር ሴትዮዋን ሊያስጠነቅቃት ሄደ። መዝጊያው ወርዷል። ከጎን ያለው ጫማ ሰፊ ትናንት ወሰዷት አለው። ምንም አላለቀሰችም፤ ብቻ ቤቱ ይቃጠላል፣ የሰው ልብስ አለበት፣ ካውያውን ላጥፋ ብላ ለመነቻቸው። አልፈቀዱላትም። ሄደው ሲያበቁ ጫማ ሰፊው ራሱ በጓሮ ገብቶ ነቀለው።

ምስማር መዝጊያውን በመዳፉ ነካው። ያን ሌሊት በሐሳቡ ሲገድላት ያደረው ይችን ሴት ነው። ማስጠንቀቅ ሲገባው እየገደላት ነበር። ቂሙ ላይ ይህንንም ጨመረበት፤ ለጋሼ ሳይሆን ለራሱ።

ከዚያ ፖስታ ቤት ሄዶ እውነተኛውን ፍላሽ ያለ ላኪ ስም ወደ አገልግሎቱ የፖስታ ሣጥን ላከው። የታዘዘው ሥራ ይኸው ነው፤ ተሠርቷል። ኪሱ ውስጥ የቀረው ባዶ ፍላሽ ነው።

ከሰዓት በኋላ ድልድዩ ላይ ሰው ይተራመሳል። ከታች አውቶቡሶች ይጮኻሉ። ጋሼ ግራጫ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ደረጃውን ቀስ እያለ ወጥቶ መጣ። የድልድዩን የብረት መከታ ተደግፎ ቆመና ትንፋሹ እስኪሰበሰብ ጠበቀ።

«ሴትዮዋን ምን አደረግሃት?» አለው።

«የሚገባትን አላደረግሁላትም።»

«ጊዜ አለህ። አምጣ እንግዲህ።»

ምስማር ባዶውን ፍላሽ በመዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ጋሼ ጣቶቹን አጠፈበት። ሁሉም ጣቶቹ ደህና ናቸው፤ ቀጥ ያሉ፣ ጥፍራቸው የተከረከመ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

«ቶሎ በል።»

«ሐሙስ በየትኛው ሀ ነው የሚጻፈው?»

ሽማግሌው ፊቱ ፈካ። ልማድ ነው፤ ሊያቆመው አልቻለም።

«በብዙኃኑ ነዋ። ስንት ጊዜ ልንገርህ፣ ከአምስት ነው የ…»

ቆመ።

የፈካው ፊት እንደፈካ ደረቀ። ከታች አንድ አውቶቡስ ለቀቀ።

«ልጄ፣» አለ ጋሼ።

«ልጅ ያለፈው ነው። እኔ ታላቁ ነኝ።»

ጋሼ ፍላሹን አየ፤ የመጣበትን ደረጃ አየ። የሻምበሉ ሰዎች እሱን እንደማይነኩት ያውቃል፤ ራሱ ነው የጻፈላቸው። ዞሮ ወደ ደረጃው ፈጠን አለ። ምስማር አልተከተለውም። የብረት መከታውን ይዞ ጆሮውን ሰጠ።

ጋሼ ወረደ።

ከሥር ሰዎች ተንቀሳቀሱ። መጀመሪያ የጋሼ ድምፅ መጣ፤ የተቆጣ፣ የአለቃ ድምፅ። ቀጥሎ የሚለምን ሆነ። ወዳጃችሁ እኮ እኔ ነኝ እያለ ማለ። ሁለቴ፣ ሦስቴ ማለ። ወደ ላይ መልሰው ጎተቱት። ሕዝቡ ሸሸ። ባርኔጣው ብቻውን ደረጃ በደረጃ እየነጠረ ወረደ።

ቀጥሎ ሽማግሌው ወረደ።

ሰው ከደረጃ ሲወድቅ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ ምስማር ሲያስብ ኖሯል፤ ወንድሙ የወደቀ ቀን አልነበረምና። አሁን ሰማው። ሲሰማ ሆዴ ይባባ ይሆን ብሎ ሰግቶ ነበር። አልባባም። ደስ አለው። ንጹሕ ደስታ አልነበረም፤ እንደ ሰረቁት ምግብ በችኮላ የሚዋጥ ደስታ ነው። ቢሆንም ዋጠው።

በሌላኛው ደረጃ ወርዶ ከሰው ጋር ተቀላቀለ፤ ወደ ኩባንያውም አልተመለሰም።

*

የሻምበሉ አለቆች ጉዳዩን ለመስማት አልዘገዩም። በአገልግሎቱ ውስጥ የነበራቸው ብቸኛ ዓይን እሱ ራሱ እንዳወጣው ሲያውቁ ጠሩት። እንዲህ የሚል መልእክት አንብቤ ነው አለ። ከዲስኩ ላይ አውጥተው ፈቱት። ሽማግሌውን አትንኩ ይላል። በስክሪኔ ላይ ያየሁት ሌላ ነው ብሎ ማለ። ሊቁን ጠየቁት፤ ሊቁም በእኔ ከርነል እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም፣ ሰውዬው ዋሽቷል አለ። ማስታወሻ እንደሆነ ማሽኑ ሲጠፋ የሚጠፋ ነገር ነው፤ ማሽኑን ደግሞ አዲስ ሥሪት ሊጭንበት ሐሙስ ማታ ያጠፋው ሊቁ ራሱ ነው። ሻምበሉን የጓሮውን ደረጃ ቁልፍ ተቀብለው በዚያው ደረጃ አስወረዱት። በእግሩ ይውረድ በሌላ የነገረኝ የለም፤ በእግሩ እንዳልሆነ ግን ተስፋ አደርጋለሁ።

ፍላሹ አገልግሎቱ ዘንድ ደረሰ። ማን እንደላከው ግን የሚያውቅ አልነበረም። የምስማርን ትክክለኛ ስም የሚያውቀው ጋሼ ብቻ ነበርና ከጋሼ ጋር ወርዷል። ወሬው ዞሮ ዞሮ ምስማር ጆሮ ሲደርስ እንዲህ ሆኖ ደረሰ። ዕቃውን ያስገኘው ጋሼ ነው። በሥራ ላይ የወደቀ ጀግና ነው። ፎቶው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከነባርኔጣው። ጀግናውን ለጠላት አሳልፎ የሸጠ ምስማር የሚባል ከሃዲ ደግሞ ይፈለጋል። የሴትዮዋን ነገር ያነሣ የለም።

ለወንድሙ ተበቀለለት። ስሙ ግን አልታደሰለትም፤ ለዚያ መናገር የሚችል ሰው ያስፈልጋል። መናገር የሚችለው ደግሞ ከሁለት ወገን እየታደነ ነው።

አንድ ቀን፣ ማንም በማያውቀው ሌላ ከተማ ውስጥ፣ ከገበያ መሐል ካለ የስልክ ሱቅ ደወለ። ኩባንያው ሳለ ይደውልላት ነበርና የእናቱ ስልክ እንደሚጠለፍ ያውቃል። ድምፁን የሰሙ ለት ደጇ ላይ ይቆማሉ፤ የት ነው ብለው ይጠይቋታል። እነዚህ ሰዎች ሲጠይቁ ምን እንደሚሰብሩ አይቷል። ላይናገር ነው የደወለው። ድምፅዋን ሊሰማ ብቻ።

ጠራ።

«ሃሎ?» አለች። ከበስተጀርባዋ ውሃ ይፈሳል፤ ዕቃ እያጠበች ነበር። «ማን ልበል?»



ውሃው ተዘጋ።

«ማን ልበል?»

መቀበያውን በሁለት እጁ ያዘው። ባለሱቁ ሳንቲም ሲመልስ፣ ሰው ሲጣራ፣ ጋሪ ሲያልፍ እሷም ትሰማለች። እስትንፋሱንም ትሰማለች። ለረጅም ጊዜ አዳመጠችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው እንዳይሰማባት የምትጠነቀቅ ይመስል ጠየቀች።

«አንተ ነህ?»

ከሁለቱ ልጆቿ የትኛውን እንደጠየቀች አላወቀም።

መቀበያውን በቦታው መለሰ። ከፈለ። ባለሱቁ አልተነሣልህም እንዴ አለው። ተሳስቼ ነው አለና ወደ ገበያው ወጣ።